ከቦሌ ዋሽንግተን፦ እናትዎ በመንገድ ላይ የሚቆዩት ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ68 ዓመት እናቴን በሐምሌ ወር ከአዲስ አበባ ላስመጣት ነው። በትኬቱ ላይ መምጫው ከቦሌ 22፡45 ተነስቶ በማግስቱ 08፡40 ዋሽንግተን ደለስ ይደርሳል፤ መመለሻው ደግሞ 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡00 አዲስ አበባ ይገባል ይላል። በእኔ ስሌት መምጫው 10 ሰዓት፣ መመለሻው 20 ሰዓት መሆኑ ነው። ወንድሜም ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር ቶሎ ይደርሳል አለኝ። ርቀቱን ስፈልግ አንዱ ቦታ 6,240፣ ሌላው 7,185፣ ሦስተኛው 11,560 ይላል። 11,560ን ለ900 ሳካፍለው 13 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ትክክለኛው የቱ ነው? አንድ የጉዞ ወኪል ደግሞ በአውሮፓ በኩል አውሮፕላን ቀይራ ብትመጣ 250 ዶላር ይቀንሳል ብሎኛል። ልቀበለው?»

ምላሽ፦ ረጅሙ መምጫው ነው፣ አጭሩ መመለሻው ነው። እናትዎ ከቦሌ ተነስተው ደለስ እስኪደርሱ 16 ሰዓት ከ55 ደቂቃ፣ ሲመለሱ ደግሞ 13 ሰዓት ይጓዛሉ። ስሌትዎ የተገላበጠው የሁለት ከተሞችን ሰዓት እንደ አንድ ከተማ ሰዓት አድርገው ስለቀነሱ ነው። በትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ይጻፋል። በሐምሌ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አዲስ አበባ ላይ 22፡45 ሲሆን እርስዎ ጋ ገና 15፡45 ነው፤ ከዚያ ተነስተው እስከ ማግስቱ 08፡40 ቢቆጥሩ 16 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ያገኛሉ። በመመለሻው ደግሞ እርስዎ ጋ 11፡00 ሲሆን አዲስ አበባ 18፡00 ነው፤ ከ18፡00 እስከ 07፡00 ያለው 13 ሰዓት ነው።

የ7 ሰዓቱ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ አይደለም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሰዋለች። ኢትዮጵያ ምንም አትነካም። ስለዚህ በክረምታቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። እናትዎ ቆይታቸውን አራዝመው ከኖቬምበር በኋላ የሚመለሱ ከሆነ ይህንን ስሌት እንደገና መሥራት ይኖርብዎታል። አየር መንገዶችም በኦክቶበርና በማርች መጨረሻ የበረራ ሰሌዳቸውን ይቀይራሉ፤ ከወራት በፊት የተገዛ ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት ሳይነገርዎ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።

ያገኟቸው ሦስቱ የርቀት ቁጥሮች ደግሞ አይጣሉም። 6,240 የሚለው በባሕር ማይል፣ 7,185 የሚለው አሜሪካውያን በመንገድ በሚለኩበት ማይል፣ 11,560 የሚለው በኪሎ ሜትር ነው። የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። አብራሪዎችና የበረራ ዕቅድ ባለሙያዎች የሚሠሩት በባሕር ማይል ስለሆነ፣ መለኪያውን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ የሚያስቀምጡ ሰዎች ብዙ ተጓዥ ግራ ያጋባሉ። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ መስመር ነው።

ያ መስመር ግን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። ሉል ካለዎት አንድ ክር ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥረው ይያዙ። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፤ ሱዳንን፣ የሊቢያን በረሃ፣ አልጄሪያን ያቋርጣል፤ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል። በውቅያኖሱ መካከል እስከ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ድረስ ከፍ ብሎ ነው ወደ ዋሽንግተን የሚወርደው፤ ዋሽንግተን ራሷ ያለችው በ39ኛው ዲግሪ ላይ ቢሆንም። በካርታው ላይ ዙሪያ ጥምጥም የሚመስለው ይህ ቅስት ነው አጭሩ መንገድ። ብዙ ሰው «ለምን በምዕራብ አፍሪካ በኩል ቀጥ ብሎ አይሻገርም?» ይላል። እውነታው በዚያ በኩል መሄዱ ነው የሚያስረዝመው። በቶጎዋ ሎሜ በኩል ቢያልፉ ርቀቱ ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ጭማሪ ነው። በሮም በኩል ግን 11,710፣ በደብሊን በኩል 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብሊን መንገድ የሚጨመረው ከአዲስ አበባ ጎንደር በአየር ያለውን ርቀት እንኳን አያህልም።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ሰማዩ ሁሉ ክፍት ነው ብለው የሚያሰሉ ናቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ በረራዎች ተዘጋ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው ዋናው መንገድ በሱዳን ላይ ያልፍ ስለነበር፣ አውሮፕላኖች በቀይ ባሕርና በግብፅ አቅጣጫ ዞረው መውጣት ግድ ሆነባቸው። የሊቢያንም ሰማይ ለዓመታት የሚሸሹት አየር መንገዶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ እናትዎ የሚሄዱበት መንገድ በሉሉ ላይ ከወጠሩት ክር እንደሚረዝም አስቀድመው ይወቁ።

ወደ ወንድምዎ አባባል ልምጣ። ምድር ወደ ምሥራቅ መዞሯ እውነት ነው፤ በምድር ወገብ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን አየሩም አብሯት ይዞራል። አውሮፕላኑ የሚበረው በዚያው አብሮ በሚዞረው አየር ውስጥ ስለሆነ ከመሬት ተነስቶ በአየር ላይ ቆሞ ዋሽንግተን እስክትመጣለት የሚጠብቅበት ዕድል የለም። የመምጫና የመመለሻ ልዩነት የሚመጣው ከነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ፣ ጄት ስትሪም የሚባል የነፋስ ወንዝ አለ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የዋልታው ቅዝቃዜና የሐሩሩ ሙቀት በጣም በሚራራቁበት በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት ደግሞ ይበረታል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ይህንን ወንዝ ሽቅብ ይቀዝፋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ቁልቁል ይወርዳል።

በቁጥር እንየው። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሁን። በጠቅላላው መንገድ ላይ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የፊት ነፋስ ቢገጥመው ከመሬት አንጻር የሚሄደው 850 ነው፤ 11,560 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 950 ይሆንና 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይበቃዋል። ወደ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ልዩነት በነፋስ ብቻ ተገኘ ማለት ነው። የእርስዎ የ13 ሰዓት ስሌት ነፋስ የሌለበትን፣ ሰማዩ ሁሉ ክፍት የሆነበትን፣ አውሮፕላኑም ከመሬት ላይ በአንድ ጊዜ 900 ይዞ የሚነሳበትን ዓለም የሚገልጽ ነው። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ግን አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተነቀለበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስከሚቆምበት ደቂቃ ድረስ ያለው ነው፤ በመሬት ላይ የሚንከባለልበት፣ ተራ የሚጠብቅበት፣ ወደ ከፍታው የሚወጣበትና ቀስ ብሎ የሚወርድበት ጊዜ ሁሉ ይገባበታል።

ይህም ሁሉ ተደምሮ 17 ሰዓት ሊሞላ 5 ደቂቃ የቀረውን ጉዞ ለብቻው አያስረዳም። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ትኬቱ ላይ በደቃቁ የተጻፈው፣ አብዛኛው ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነገር ነው፦ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ምክንያቱም ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,330 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቱ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፤ ሞተርም የሚገፋው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ፍጥነቱ ሲጨምር ማኮብኮቢያው ይፈጃል፤ ጎማዎቹም በመሬት ላይ ሊሄዱ የሚችሉበት የፍጥነት ወሰን አላቸው። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ይህም ሆኖ ከከፍታው የመጣውን ችግር ሙሉ በሙሉ አያካክስም።

እንደ ቦይንግ 787 ያለ አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። ለ14 ሰዓት በረራ 70 ቶን፣ ከዚያም በላይ የመጠባበቂያ ነዳጅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ይዞ፣ በሙሉ መንገደኛና በሙሉ ሻንጣ፣ ከቦሌ መነሳት አይቻልም። ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ወንበሮችን ባዶ ትቶ መሄድ፣ ወይ ነዳጁን ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት። አየር መንገዱ ሁለተኛውን ይመርጣል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደለስ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ስለሚል አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ተሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፣ ቦሌ የሚያርፈው አብዛኛውን ነዳጁን አቃጥሎ ቀሎት ነው። መመለሻው ሳያርፍ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲሆን የተመረጠበት አንዱ ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው፤ ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በበረራ ዕቅድ ሥራ ላይ ለኖረ ሰው እያንዳንዱ መቶ ሜትር በቶን የሚቆጠር ነገር ነው፤ ይህንን ሰው ቢረዳው ብዙ ቅሬታ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ቀጥታ በረራ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይስሙት። በጉዞ ንግድ ውስጥ ቀጥታ ማለት የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር ማለት ነው፤ መንገድ ላይ ማረፍ ይቻላል። ሳያርፍ የሚሄደው ሌላ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በተለያዩ ዓመታት በሮም፣ በደብሊን፣ በሎሜ እያረፈ ሄዷል። በእንዲህ ያለ የነዳጅ ማረፊያ ላይ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ መንገደኛው ከወንበሩ አይነሳም፣ ሻንጣውም አይወርድም። እናትዎ የሚያውቁት ነገር ቢኖር አውሮፕላኑ ወርዶ እንደገና መነሳቱን ብቻ ነው። ይህንን አስቀድመው ይንገሯቸው። ካልነገሯቸው ደርሻለሁ ብለው ዕቃቸውን ማውረድ ይጀምራሉ፤ ይህ በእውነት የሚያጋጥም ነገር ነው።

ስለ 250 ዶላሩ፦ አይቀበሉት። እናትዎ ብቻቸውን የሚጓዙ፣ የ68 ዓመት ሰው ናቸው። አውሮፕላን መቀየር ማለት በማያውቁት ትልቅ ጣቢያ ውስጥ በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ምልክት እየተከተሉ፣ አንዳንዴም በባቡር ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በሰዓት መሽቀዳደም ማለት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃቸውም። ወኪሉ ሁለቱን በረራዎች በሁለት የተለያዩ ትኬቶች የገዛ እንደሆነ ደግሞ ያመለጣቸውን በረራ የሚተካላቸው ማንም አይኖርም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአውሮፓ የሼንገን አገሮች ለመተላለፍ ብቻም ቢሆን የአውሮፕላን ማረፊያ ቪዛ ይጠየቃል፤ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ከዚህ ነጻ ነው። ቢሆንም በመነሻው ጠረጴዛ ላይ ከሠራተኛ ጋር መከራከር ያለባቸው እናትዎ ናቸው እንጂ ወኪሉ አይደለም። ግንኙነቱ በኒው ዮርክ ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ የአገር መግቢያው ፍተሻ የሚደረገው መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ስለሆነ ሻንጣቸውን እዚያ ራሳቸው ተቀብለው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። በአንዱ አውሮፕላን መጥተው ደለስ ከወረዱ ግን ይህ ሁሉ የሚፈጸመው እርስዎ በሚጠብቁበት በር ማዶ ነው።

ይህን ምክር የምቀይርበት አንድ ሁኔታ አለ። እናትዎ ከዚህ በፊት በእግራቸው የደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ያጋጠማቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ከሆኑ 17 ሰዓት በአንድ ወንበር መቀመጥ በራሱ አደጋ ነው። ያን ጊዜ የሚወስነው ሐኪማቸው ነው፤ ምናልባትም መንገዱን ከፍሎ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር፣ መካከል ላይ አርፎ መጓዝ ይሻላል። ጤነኛ ከሆኑም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው በመተላለፊያው ላይ ትንሽ ይራመዱ፤ ውኃ ይጠጡ። በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ይምረጡላቸው እንጂ በመስኮት በኩል አይምረጡ፤ ሰው ማስነሳት ስለሚያፍሩ ሽንታቸውን ይዘው የሚያድሩ ብዙ እናቶች አሉ። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይግባ፤ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስዱት ሐኪሙ በአዲስ አበባ ሰዓት ጽፎ ይስጣቸው፤ ሰዓታቸውንም ደለስ እስኪደርሱ አይቀይሩ። ዊልቸር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡ፤ መራመድ ቢችሉም ያስመዝግቡ፤ ምክንያቱም ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛ መንገዱንም ያውቃል። የጾም ምግብ ከፈለጉም አስቀድሞ ይታዘዛል።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልንገርዎ። ትኬቱ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፤ እናትዎ የሚኖሩት በእኛ ሰዓትና ቀን ነው። 22፡45 ማለት ከምሽቱ 4፡45 ነው፤ ይህ ቀላል ነው። አደጋው የሚመጣው መነሻው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሆን ነው። በፈረንጆች ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ በእኛ ዘንድ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ዓርብ 00፡20 የሚል ትኬት ለእናትዎ የሐሙስ ሌሊት 6፡20 ነው። ዓርብን ቀኑን ሙሉ ዘመድ ተሰናብተው፣ ማታ ቦሌ የሚደርሱ ሰዎች አውሮፕላናቸው ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ድፎ ዳቦና በርበሬ የሞላ ሻንጣ ይዘው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሃያ ሰው አጅቧቸው ከመጡ በኋላ ይህ የተነገራቸውን አንዲት እናት ፊት አይቻለሁ፤ አልረሳውም። የእናትዎ በረራ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ ለጊዜው ደህና ነው፤ ነገር ግን ሰሌዳው በሁለት ሰዓት ቢገፋ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀኑን በቁጥር አይንገሯቸው። «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ሁኚ» ብለው በአማርኛ በትልቁ አስጽፈው ግድግዳ ላይ ያስለጥፉላቸው። ለ22፡45 በረራ ከምሽቱ 1፡45 በፊት፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

ትኬቱ ላይ የከተማውን ስምም ያመሳክሩ። ደለስ በዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ያለው ነው፤ ዳላስ ቴክሳስ ነው። በአማርኛ ሲነገሩ ይምታታሉ፤ በመካከላቸው ግን 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ወኪሉ በስልክ ሲነግርዎ የማረፊያውን የሦስት ፊደል መለያ ይጠይቁት፤ ደለስ «አይ-ኤ-ዲ» ነው።

እርስዎም በ08፡40 ደለስ ለመገኘት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎህ ሲቀድ መነሳት አይጠበቅብዎትም። አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ ፓስፖርት ለማስመታትና ሻንጣ ለመቀበል ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። በበረራ ቁጥሩ አውሮፕላኑን በስልክዎ ይከታተሉ፤ ከነዳጅ ማረፊያው የተነሳበትን ሰዓት ካዩ በኋላ የሚደርስበት ሰዓት በብዙ አይሳሳትም። 09፡30 ላይ በመቀበያው በር ቢቆሙ ይበቃል። ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ እናትዎ እርስዎን እስኪያቅፉ ድረስ 22 ሰዓት ገደማ ያልፋል፤ ለዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ አይያዙላቸው፣ እንግዳም አይጥሩ፣ ይተኙ።